ደመወዜ ሳያድግ ልገሳ መጀመር እችላለሁን?

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሠራተኝነት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። ከግብርና ከጡረታ መዋጮ በኋላ እጄ ላይ የሚደርሰው 8,000 ብር ገደማ ሲሆን ከዚሁ ላይ የቤት ኪራይ እጋራለሁ፣ ደብረ ብርሃን ላሉት ወላጆቼም እልካለሁ። በቲክቶክ የታመመ ሕፃን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ አይችልምና ያለኝን ልኬ ወሩ ሳያልቅ እበደራለሁ። ኑሮዬ እስኪደላደል ልተወው? ለወላጆቼ የምልከውስ እንደ ልገሳ አይቆጠርልኝም?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ብዙ ወጣቶች «ቤተሰቤን እየረዳሁ ነው» ብለው እዚያው ላይ የሚያቆሙበት ጉዳይ ነውና። ለወላጅ መላክ የሚያስመሰግን ቢሆንም ከልገሳ ይልቅ ለግዴታ ይቀርባል። የእስልምና ሥርዓት ይህን በግልጽ ለይቶታል፤ አንድ ሰው ዘካውን፣ ማለትም ከሀብቱ በግዴታ የሚያወጣውን ምጽዋት፣ ለእናቱ፣ ለአባቱ ወይም ለገዛ ልጁ አይሰጥም፤ እነርሱን መጦርና ማሳደግ ቀድሞውንም የራሱ ኃላፊነት ነው። ዘካ ራሱ የሚጠየቀው ኒሳብ ከሚባለው መጠን የደረሰ ሀብት አንድ የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ሲሆን መጠኑም 2.5 በመቶ ነው፤ ስለዚህ እንደ እርስዎ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ጀማሪ ሠራተኛ አይገደድም። በፈቃድ ለሚሰጠው ምጽዋት፣ ለሰደቃ ግን እንዲህ ያለ መነሻ አልተቀመጠለትም። በክርስቲያኑም ዘንድ አሥራት የገቢ አንድ አሥረኛ ተብሎ ሲወሰን ምጽዋት ለሰጪው አቅም ተትቷል። የእርስዎ እምነት የትኛውም ይሁን፣ ኑሮ እስኪደላደል መጠበቅን የሚያዝ ሥርዓት አላገኘሁም።

ስለ በጎ አድራጎት ስናወራ ቶሎ የምንጠራቸው እንደ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ያሉ ሰዎችን መሆኑም ሳይጎዳን አልቀረም። በረሀብ ዘመን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ሁለት ሕፃናትን ይዘው የተመለሱትን እኚህን እናት ማክበር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወጣቱ ታሪካቸውን ሲሰማ ልገሳ ቤት ንብረትን ጥሎ መውጣት ብቻ እየመሰለው ራሱን ከጉዳዩ ያወጣል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

የችግርዎ መነሻ የሚሰጡት ገንዘብ ማነሱ ሳይሆን፣ መቼና ለማን እንደሚሰጡ የሚወስንልዎ ስልክዎ መሆኑ ነው። እድርተኛ ሐዘን እስኪመጣ ጠብቆ አያዋጣም፤ በየወሩ ስለሚከፍል ድንኳኑም ወንበሩም ቀድሞ ተገዝቶ ይጠብቃል። ተረጂዎችን ቀን ከሌት የሚያኖር ተቋም የሚቸገረው እንዲህ ያለ ቋሚ መዋጮ በማጣት ነው። አረጋውያንን በሚጦር አንድ ማዕከል ከፋሲካ ማግስት ዕቃ ቤቱን የማየት ዕድል ነበረኝ። በበዓሉ የመጣው ድፎ ዳቦ ተደራርቦ መድረቅ ጀምሯል፣ ያገለገሉ ልብሶች እስከ ጣሪያው ተከምረዋል፤ የአዋቂ ዳይፐር መደርደሪያው ግን ባዶ ነበር። ልደትን ከአረጋውያን ጋር ማክበር መልካም ልማድ ሆኗል፣ አልቃወመውም፤ ይሁንና ዳይፐር፣ ሳሙናና የመድኃኒት ወጪ በዓልን አይጠብቁም።

ስለዚህ ከደመወዝዎ አንድ በመቶ ይጀምሩ፤ 80 ብር ማለት ነው። ደመወዝ በገባ ማግስት በቀጥታ እንዲተላለፍ ለባንክዎ ቋሚ ትእዛዝ ቢሰጡ በየወሩ ከራስዎ ጋር ከመከራከር ይድናሉ። ከሥራ ባልደረቦችዎ ዘጠኝ ሰዎች በተመሳሳይ መጠን ቢተባበሩዎት በወር 800፣ በዓመት 9,600 ብር ይሆናል፤ ይህ ገንዘብ ደግሞ ቁርጥ ያለ በመሆኑ ተቀባዩ አስቀድሞ ሊያቅድበት ይችላል። የቲክቶኩን ሕፃን ይርሱት አልልዎትም፤ ለድንገተኛ ጥሪ ከወሩ ወጪዎ ትንሽ ለይተው ያስቀምጡና እርሷ ስታልቅ እስከሚቀጥለው ወር ያቁሙ እንጂ አይበደሩ።

ከመስጠትዎ በፊት መጠየቅ ነውር አይደለም። ድርጅት ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገቡን፣ ሂሳቡን ማስመርመሩንና የባንክ ሂሳቡ በግለሰብ ሳይሆን በድርጅቱ ስም መሆኑን ያረጋግጡ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ስለዚሁ ወጪ ቢጠይቁ የሚቀየምዎ አይኖርም፤ የሚቀየም ካለም ሌላ ፈልጉ ማለት ነው። የአንድ ሕመምተኛ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ የሕክምና ማስረጃውን ይመልከቱ፣ ከተቻለም ክፍያውን ለሆስፒታሉ በቀጥታ ይፈጽሙ። የሂሳብ ባለሙያ ነዎትና ለዚህ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ልቡ ሩኅሩኅ ቢሆንም የራሱ ገቢ የለውም። እኔ ገንዘብ ሰጥቼው እንዲሰጥ ባደርግ ይለምዳል?

መልስ፦ እናት ሆይ፣ በእርስዎ ገንዘብ የሚሰጠው ልገሳ የእርስዎ ሆኖ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ። በዚህ ዕድሜው የራሱ የሆነ ሌላ ነገር አለው። ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። ደም በፋብሪካ አይመረትም፤ ከተለገሰም በኋላ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም፤ ፕላትሌት የሚባለው ክፍል እንዲያውም የሚቆየው አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ለሚፈስሳት እናት ሊደርስላት የሚችለው አስቀድሞ ተለግሶ የተቀመጠ ደም ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ቢሄድ ይመረጣል፤ ብቻውን የሄደ ሰው መርፌውን ሲያይ ሊመለስ ይችላል። በዚያን ዕለት ቁርሱን በደንብ በልቶ፣ ውኃም ጠጥቶ እንዲወጣ ያድርጉ።