እጀታው የተሰበረ ምላጭ ፈልግ

ጀርመን፣ ፍራንክፈርት የሚኖር አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጥሩ የበሬ ቀንድ አለኝ። በራሴ እጅ እጀታ ሠርቼ ታጣፊ ምላጭ ላይ መግጠም እፈልጋለሁ። ብዙ ገንዘብ ግን የለኝም። ርካሹን አዲስ የቻይና ምላጭ ልግዛ ወይስ አሮጌ ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ አሮጌ ግዛ። ለዚያውም እጀታው የተሰነጠቀውን ወይም ጭራሹን የሌለውን። እጀታ ሲሰበር የምላጭ ዋጋ በጣም ይወርዳል። ለአንተ ደግሞ እጀታው የምትጥለው ነገር ነው። ስለዚህ ያለችህን ብር በሙሉ ለብረቱ ክፈል።

ያለህበት አገር ለዚህ የተመቸ ነው። ሶሊንገን ከጥንት ጀምሮ ቢላና ምላጭ የሚሠራባት ከተማ ናት። ስሟም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። የሶሊንገን ማህተም ያለበት አሮጌ ምላጭ በየፍሎማርክቱ (የአሮጌ ዕቃ ገበያው) ይገኛል። የእንግሊዙ ሼፊልድና የስዊድኑ ኤስኪልስቱና ከተሞች ምላጭም ካጋጠመህ አትለፈው። የፋብሪካውን ስም ባታውቀው ግድ የለም፤ ብረቱን ራሱን መርምር።

መጀመሪያ ስለቱን ብርሃን ላይ አዙረህ እይ። ላይ ላዩን ያለ ቀይ ዝገት ተፈግፍጎ ይለቃል። ስለቱ አጠገብ ጥቁር ጉድጓድ የሠራ ዝገት ካለ ግን ተወው። ስትስለው ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ስለቱ ይሸራረፋል። ጀርባው ላይ ያለ ጉድጓድ ችግር የለውም። ስንጥቅ ካየህ፣ የፀጉር ያህል ቀጭን ቢሆን እንኳ አትግዛ።

ቀጥሎ ጀርባውን እይ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ታጣፊ ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ። የስለቱን አንግል የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያዝና ከጀርባ እስከ ስለት ያለውን ወርድ ለካ። ከዚያ ለጀርባው ውፍረት አካፍለው። ውጤቱ 3.5 አካባቢ ከሆነ አንግሉ ወደ 16 ዲግሪ ይመጣል፤ ለጢም የሚፈለገው እሱ ነው። ለምሳሌ ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጀርባው 4.5 ገደማ ይሁን። ጀርባው ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ መስመር ካየህ ለዓመታት አላግባብ ተስሏል ማለት ነው። ስለቱ መሐል ላይ ወደ ውስጥ የጎበጠውንም ተወው። ማቃናት ይቻላል፣ ግን ለጀማሪ ብዙ ድካም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ እጀታ ብዙ ጊዜ ሴሉሎይድ የሚባል የድሮ ፕላስቲክ ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ብረት የሚበላ ጋዝ ያወጣል። ከላይ ንጹሕ የሚመስል ምላጭ እጀታው ውስጥ የሚያርፈው ክፍሉ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ሙሉ በሙሉ ክፈተውና በእጀታው ሁለት ገጾች መሐል የሚተኛውን ሁሉ እይ።

ጎልድ ዶላር 66 የሚባለው ርካሽ የቻይና ምላጭ ብረቱ ክፉ አይደለም፤ ስለት ይይዛል። ችግሩ አሞራረዱ እኩል አለመሆኑ ነው። የስለቱ መነሻ ላይ ያለው ወፍራም ትከሻም ድንጋይ ላይ እንዳይተኛ ያደርገዋል። ሪቬት (እጀታውንና ምላጩን የሚያያይዘውን ሚስማር) መምታት ለመለማመድ ከሆነ ግዛው። የደማስቆ ጥለት (ሞገድ የሚመስል መስመር) ያለው፣ ሠሪው የማይታወቅ ርካሽ ምላጭ ግን አልመክርህም።

አሁን ወደ ቀንድህ። በሙቀት አለስልሰህ በሞርሳ ጠፍጣፋ አድርገው፤ ከዚያ ለሳምንታት ይድረቅ። ቸኩለህ ከሠራኸው በኋላ ይጣመምብሃል። እያንዳንዱን ገጽ ወደ 3 ሚሊ ሜትር አውርደው። የቀንድ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ማስክ አድርግ።

ሁለቱን ገጾች በሁለት በኩል በሚለጠፍ ፕላስተር አጣብቀህ አንድ ላይ ብሳ፤ ቀዳዳዎቹ እንዲገጥሙ። ለሪቬቱ 1.6 ሚሊ ሜትር የነሐስ ሽቦና ትናንሽ ሮንዴላ ይበቁሃል። የምላጩን ቀዳዳ ለማስፋት ትራፓኖ አታስነሳ። ጠንካራ ብረት ስለሆነ መብሻህን ይሰብረዋል። ቀዳዳው ከሽቦው ከሰፋ ቀጭን የነሐስ ቱቦ አስገባበት።

ከመብሳትህ በፊት እጀታውን በካርቶን ቆርጠህ ሞክረው። ምላጩ ሲዘጋ ስለቱ ምንም ነገር ሳይነካ ውስጥ ይደበቅ። ከታች ጫፍ ላይ ሽብልቅ ይግባ፤ ወደ ምላጩ በኩል እየሳሳ የሚሄድ። ገጾቹ ትንሽ ጎበጥ ብለው ምላጩን የሚይዙት በእሱ ነው። ሪቬቱን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ ምታው፤ በየመሐሉ ምላጩን ክፈትና ዝጋ። በአንድ ኃይለኛ ምት ቀንዱ ይሰነጠቃል።

ይህን ሁሉ ስትሠራ ስለቱ በፕላስተር ይሸፈን። መሳሉን ለመጨረሻ አቆየው። ቀድመህ ከሳልከው እጅህን ይቆርጥሃል፣ ስለቱም ሥራ ላይ ይበላሻል።