አዲስ ላፕቶፕ ላይ ጽሑፍ ሲያንስና ሲደበዝዝ፦ በቅድሚያ ሪዞሉሽኑን ወደ ቦታው ይመልሱ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ የገዙት ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ በዊንዶውስ 11 የሚሠራ ሲሆን ጽሑፉ ሁሉ ለዓይን የሚያስቸግር ጥቃቅን ሆኖብዎታል፤ ሪዞሉሽኑን (ስክሪኑ በወርድና በቁመት የሚያሳየውን የነጥብ ብዛት) ዝቅ ሲያደርጉት ፊደሉ ቢተልቅም ደበዘዘ፤ ከአሮጌው ኮምፒውተር ያመጧቸው የአማርኛ ደብዳቤዎችም ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆነው ተከፈቱ። ሥራዬ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች አዳዲስ ኮምፒውተሮችን አዘጋጅቶ ማስረከብ በመሆኑ ይህ ዓይነቱ ቅሬታ ዘወትር ይደርሰኛል። ሦስቱ ችግሮች በአንድ ጊዜ ስለመጡ አንድ ይመስላሉ እንጂ መነሻቸው የተለያየ ነው፤ ነገሩን የሚያወሳስበውም አንዱን ለማቃናት የሌላውን መቆጣጠሪያ መነካካት ነው።

በቅድሚያ ሪዞሉሽኑን ወደነበረበት ይመልሱት። በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ ከሪዞሉሽን ዝርዝሩ ውስጥ «ሪኮመንድድ» የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ። በብዙ ባለ 14 ኢንች ማሽኖች ላይ ይህ 1920 በ1080 ነው። የዛሬ ጠፍጣፋ ስክሪኖች የነጥቦቻቸው ብዛት ገና ሲሠሩ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ሲታዘዙ ያንኑ ጥቂት ነጥብ በብዙዎቹ ላይ ለማዳረስ ስለሚገደዱ የፊደሉ ጠርዝ ይፈስሳል። ላቲን ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። በእኛ ፊደል ግን «ቀ»ን ከ«ቁ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «ሉ»ንም ከ«ሊ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት፤ እርሷ ስትደበዝዝ አንባቢው ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ መገመት ይጀምራል፣ የሰው ስም በተደረደረበት ዝርዝር ላይ ደግሞ ግምት አያዋጣም።

ጽሑፉን ማተለቅ የሚገባው በዚያው ገጽ ላይ ባለው «ስኬል» በሚባለው መቆጣጠሪያ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ስለሚጠቅም ላብራራው። ዊንዶውስ 100 ፐርሰንት የሚለው መጠን በአንድ ኢንች ውስጥ 96 ነጥብ እንዳለ ታስቦ የተቀመጠ ነው። ቀድሞ በየቢሮው የነበሩት ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፖች 1366 በ768 ነጥብ ስለነበራቸው በአንድ ኢንች 100 ያህል ነጥብ ይደርሳቸው ነበር፤ ስለዚህ 100 ፐርሰንት ላይ ምቹ ነበሩ። የእርስዎ አዲሱ ስክሪን ግን በአንድ ኢንች 157 ያህል ነጥብ ይዟል፤ ያው ፊደል በያው የነጥብ ብዛት ሲጻፍበት ቁመቱ ከቀድሞው ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። «ስክሪኑ ደካማ ነው» ብለው ዕቃውን ለመመለስ የሚነሡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ጥፋቱ ግን የስክሪኑ አይደለም፣ እንዲያውም የተሻለ ስክሪን በመሆኑ የመጣ ነው።

ስለዚህ ስኬሉን 150 ፐርሰንት ያድርጉት። የሚያስከፍለው ዋጋ እንዳለ ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ በ150 ፐርሰንት ላይ ስክሪኑ የሚይዝልዎ የሥራ ቦታ 1280 በ720 ነጥብ እንዳለው ስክሪን ያህል ስለሚሆን፣ በኤክሴል ሰፊ ሠንጠረዥ ለሚሠራ ሰው የሚታየው ዓምድ ይቀንሳል። እንዲህ ላለው ሰው 125 ፐርሰንትን እመርጣለሁ። በራስ ቁጥር ማስገባት የሚያስችለው «ከስተም ስኬሊንግ» የተባለው ክፍል ግን ካልተቸገሩ በስተቀር ባይነኩት ይሻላል፤ ተጨማሪ ሞኒተር ሲሰካ እዚያም ያንኑ ቁጥር ስለሚጭን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ስኬሉን ከለወጡ በኋላ ሳይን አውት አድርገው እንደገና ይግቡ፤ ቀደም ሲል ተከፍተው የነበሩ ፕሮግራሞች ይህ እስኪደረግ ድረስ ደብዝዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ሁሉም ነገር ጠርቶ አንድ ፕሮግራም ብቻ ከደበዘዘ፣ ፕሮግራሙ ብዙ ነጥብ ያላቸው ስክሪኖች ከመለመዳቸው በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው። በየቢሮው የሚሠራባቸው የቆዩ የሒሳብ ፕሮግራሞች ዋነኞቹ ናቸው። በፕሮግራሙ አዶ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ኮምፓቲቢሊቲ»፣ ከዚያም «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ» ውስጥ ይግቡና ከታች ያለውን ሳጥን ምልክት አድርገው «ሲስተም ኢንሃንስድ» የሚለውን ይሞክሩ። ጽሑፉ ጠርቶ አዝራሮቹ ከቦታቸው ከወጡ ወይም ከተቆረጡ «ሲስተም» የሚለውን ይምረጡ፤ ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ለሥራ ያመቻል። «አፕሊኬሽን» የሚለው ፕሮግራሙን መልሶ ጥቃቅን ስለሚያደርገው በእርስዎ ሁኔታ አይጠቅምም።

«አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ ያለው «ቴክስት ሳይዝ» ጽሑፍን ብቻ እስከ 225 ፐርሰንት ያሳድጋል፤ ስኬሉ ተስተካክሎም ለዓይንዎ ካልበቃ ብቻ ይጠቀሙበት። በማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ደግሞ ለማየት ብለው የፎንቱን መጠን ከ12 ወደ 16 አያሳድጉ፤ ያ የሚለውጠው ወረቀት ላይ የሚታተመውን ነው። ኮንትሮልን ይዘው የማውሱን ጎማ ቢያንከባልሉ የሚተልቀው እይታው ብቻ ነው። በኢንተርኔት መክፈቻዎችም ኮንትሮልና የመደመር ምልክት ያተልቃሉ፣ ኮንትሮልና ዜሮ ወደ ቦታው ይመልሳሉ።

ወደ አማርኛ ሰነዶችዎ ስመጣ፣ እዚህ ላይ ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሰው የጻፈባቸው የፓወር ግዕዝና የቪዡዋል ግዕዝ የቀድሞ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ አስቀምጠው የሚሠሩ ነበሩ። ፎንቱ በማሽኑ ላይ እስካለ ድረስ አማርኛ ይታያል፤ ከሌለ ግን ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ ስለዚህ አይሰርዙት፣ ከሁሉም በላይ በዚያ ሁኔታ እንዳለ አርመው አያስቀምጡት። አሮጌው ኮምፒውተር ገና የሚሠራ ከሆነ ፎንቱን ከዚያ ቀድተው አዲሱ ላይ ይጫኑት፤ ደብዳቤዎቹ ይመለሳሉ። ለዘለቄታው ግን ዳግም የሚሠራባቸውን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ግድ ነው፤ ለማኅደር ብቻ የሚቀመጡትን አሮጌው ማሽን ላይ ፎንቱን አካቶ ፒዲኤፍ ማድረግ ይበቃል።

በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ባይኖርም በሌላ ፎንት ይነበባል፤ የሚናጋው የገጹ አሰፋፈር ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ኒያላ ነው፤ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን በተጨማሪነት የሚጫን ሆኗል። በሴቲንግስ መፈለጊያ ላይ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ብለው ይጻፉና «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የተባለውን ይጫኑ። በእኔ አስተያየት ኒያላ ለወረቀት ያማረ ነው፣ በስክሪን ላይ ግን ቀጭንና ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚነበብ ነገር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ኤብሪማ ወይም በነፃ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ዓይን ያሳርፋል።

ምናልባት በሪዞሉሽን ዝርዝሩ ውስጥ 1920 በ1080 ጭራሽ ካልታየ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ይመልከቱ፤ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ከተጻፈ የስክሪን ድራይቨሩ (ዊንዶውስ የማሽኑን የስክሪን ክፍል የሚያዝበት ፕሮግራም) አልተጫነም ማለት ስለሆነ በማሽኑ ሞዴል ቁጥር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑት።

ከደብዳቤዎቹ አንዱን በወርድ ከፍተው፣ ጽሑፉ ላይ ጠቅ ሲያደርጉ በፎንት ሳጥኑ ውስጥ የሚታየውን ስም ቢጽፉልኝ ወደ ዩኒኮድ የትኛው መለወጫ እንደሚስማማው ልነግርዎ እችላለሁ።