ይስባል ወይስ ይነፋል?

ጥያቄ፦ አቦ ጋሼ፣ እንዴት ነህ? በርጫ ላይ ተከራክረን መስማማት አቃተን። አንዱ የከርሰ ምድር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቪዲዮ አሳየን፤ ደጅ ላይ ቤት የሚያክል ፋን ተተክሏል። እኔ አየር ወደ ውስጥ ይነፋል አልኩ። ጓደኛዬ ወደ ውጭ ይስባል ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ? ደግሞስ አየር ካነሰ ትልቅ ፋን ቢገጥሙ አይገላገሉም?
(ኤሌክትሪሻን፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ አብሽር፣ ከተወራረድክ ለጓደኛህ ክፈል፤ ሙሉውን ግን አትስጠው።

ሁለቱም ዓይነት አለ። በድንጋይ ከሰል ማዕድን ግን ዋናው ፋን ብዙ ጊዜ የሚስብ ነው። ንጹህ አየር በአንዱ ጉድጓድ ይገባል፣ ውስጡን ዞሮ በሌላው ይወጣል። ፋኑ የሚተከለው በመውጫው በኩል ነው። ሁለት ጉድጓድ የግድ የሆነው ሰው ካለቀ በኋላ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሃርትሊ ላይ የውሃ ፓምፑ ትልቅ የብረት ክንድ ተሰብሮ ያለችውን አንዲት ጉድጓድ ዘጋት፤ 204 ሰው አለቀ። ሕጉ የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

መሳብ የተመረጠው ፋኑ የሚቆምበት ሰዓት ታስቦ ነው። ከሰል ሚቴን ይለቃል። ሽታ የለውም፣ ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ ደግሞ ይፈነዳል። ከሰሉ ወጥቶ ያለቀበት ባዶ ቦታ ውስጥ ይጠራቀማል። ፋኑ ሲስብ የውስጡ ግፊት ከውጭው ያንሳል። ፋኑ ድንገት ቢቆም ግፊቱ ከፍ ስለሚል ጋዙን ለጊዜው ባለበት ይይዘዋል። የሚነፋ ቢሆን ግን ሲቆም ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙም ሰው ወዳለበት ይወጣል። መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ ለምታውቅ ለአንተ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

የአንተ ድርሻ ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ገና እየተቆፈረ ያለ፣ ጫፉ ድፍን የሆነ ዋሻ አለ፤ አየር በራሱ አይዞርበትም። እዚያ በትንሽ ፋንና በረጅም ቱቦ አየር ይላካል፤ ጋዝ ለመበተን መንፋት ይሻላል። የጠረጴዛ ፋንህን አብራና ፊት ለፊቱ ቁም፣ ክፍሉን አቋርጦ ያገኝሃል። ከኋላው ቁም፣ ሁለት እርምጃ ስትርቅ ምንም የለም። የተነፋ አየር የቱቦውን አፍ ስፋት 30 እጥፍ ርቆ ሄዶ እንኳ ከፍጥነቱ አስር በመቶ ያህል ይተርፈዋል። ሲሳብ ግን በአንድ እጥፍ ርቀት ላይ ብቻ ፍጥነቱ ወደዚያው አስር በመቶ ይወርዳል። የመሳብ ጥቅሙ አቧራውን ነው፤ ሠራተኛው ሳይተነፍሰው ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለቱን አጣምረው የሚሠሩ አሉ። ብቻ የሚነፋው ፋን ከዋሻው አፍ ራቅ ብሎ ንጹህ አየር በሚመጣበት በኩል ይቀመጥ፤ አለበለዚያ የወጣውን ቆሻሻ አየር መልሶ ይነፋዋል።

ትልቅ ፋን ላልከው፣ ሞተር ስጠመጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ጋሼ፣ ጉልበት ጨምርበት» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። በዚያው ዋሻ አየሩን እጥፍ ልታደርግ ብትል ኃይሉ 8 እጥፍ ይሆናል። 100 ኪሎዋት የነበረው 800 ማለት ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ በመግቢያውና በመመለሻው መንገድ መካከል ያሉትን በሮች አያለሁ። አንዱ በደንብ ካልተዘጋ አየሩ በአቋራጭ ወደ ፋኑ ይመለሳል፣ ከሰል ቆራጩ ጋ ሳይደርስ።