ውሃ በፈረቃ፦ ለዕድራችን አባላት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው የዕድር ስብሰባ ብዙ ያነጋገረን የውሃ ፈረቃ ነበር። ሰዓቱ ስላልበቃን ሳይመለሱ የቀሩትን ጥያቄዎች ጸሐፊያችን በወረቀት ሰብስባ ሰጠችኝ። ዕድሜዬን በቧንቧ ሥራ ስላሳለፍኩ የማውቀውን እነሆ። ጠያቂዎቹን በሰፈራቸው ብቻ ጠርቻቸዋለሁ።

ከገዳም ሰፈር፦ ጋሼ፣ ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ ጥቅምት ሳይጋመስ ውሃ የሚጠፋው ለምንድን ነው? እኛ ጋ ድርቅ የለ!

ልክ ነህ ልጄ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የጎደለን ዝናቡ ሳይሆን ዝናቡን ይዞ፣ አጣርቶ፣ ቤትህ ድረስ የሚያደርስ አቅም ነው። የምንጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም በአቃቂና በሌሎች ቦታዎች ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ገፈርሳ በ1930ዎቹ፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ናቸው። ለገዳዲ ሥራ ሲጀምር የከተማዋ ሕዝብ ገና አንድ ሚሊዮን አልሞላም ነበር። ድሬም ጉድጓዶቹም ከዚያ ወዲህ ተጨምረዋል፤ የሕዝቡ ቁጥር ግን ቀደማቸው።

በዚህ ላይ ከፍታውን አስብ። አቃቂ የከተማዋ ዝቅተኛ ጫፍ ነው፤ እኛ ያለነው ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ከአቃቂ ወደ መሀል ከተማ የሚመጣ ውሃ ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ መገፋት አለበት። የሚገፋው ፓምፕ ነው፣ ፓምፑን የሚያዞረው ደግሞ መብራት። ስለዚህ የአንተ ቤት መብራት እያለም ፓምፑ ያለበት ቦታ መብራት ከጠፋ ቧንቧህ ሊደርቅ ይችላል። ከተመረተውም ውሃ ቀላል የማይባለው በአሮጌ መስመሮች እየፈሰሰ ይባክናል። መንገድ ዳር ውሃ ሲፈስ ያየ ሰው፣ እባካችሁ፣ ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ ሳይናገር አይለፍ።

ከስድስት ኪሎ፦ ውሃው የመጣ ለት ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቆጣሪውም ይዞራል። ለአየር ነው እንዴ የምንከፍለው?

በከፊል አዎ። መስመሩ ባዶውን ሲቀር አየር ይገባበታል። ውሃው ሲመለስ ያንን አየር ከፊቱ እየገፋ ይመጣል፤ ቆጣሪው ደግሞ አየርና ውሃ አይለይም። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጋ። ሲመጣም ዋናውን መዝጊያ ቀስ አድርገህ ክፈት።

ከልደታ ኮንዶሚኒየም፦ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ውሃው አይወጣልኝም። ጎረቤቴ ፓምፕ ቀጥታ መስመሩ ላይ ገጥሞ ይስባል። እኔም ልግጠም?

አትግጠሚ እህቴ። ጎረቤትሽንም አነጋግሪው፤ ጉዳዩ ከባድ ነው።

ውሃ 10 ሜትር ከፍ እንዲል 1 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ ይቀራል። ጎረቤትሽ ያደረገው ያንን ደካማ ግፊት ጨርሶ መምጠጥ ነው። መስመሩ ሲመጠጥ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ የሆነ ቧንቧ ደግሞ በተሰነጠቀበት ሁሉ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። በሰፈራችን የውሃውና የፍሳሹ መስመር በብዙ ቦታ ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። አንድ ሰው ቀድሞ ለመቅዳት ሲል የመንደሩን ሕፃናት ሁሉ ፍሳሽ ያጠጣል ማለት ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዝም የሚባልበት ነገር አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ ምድር ላይ የጋራ ሮቶ ማስቀመጥ ነው። ውሃው በራሱ ግፊት ይሙላው፤ ፓምፑ ከሮቶው ወደ ላይ ይግፋ። ወጪው በነዋሪው ሲከፋፈል አይከብድም። ሮቶውን ጣሪያ ላይ እናውጣው ካላችሁ ግን መጀመሪያ መሐንዲስ ይየው፤ 2,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 2 ቶን ይመዝናል።

ከአራት ኪሎ፦ ውሃው ሲመጣ ደፍርሶ ነው። ለሕፃን ይሆናል?

እትዬ፣ መጀመሪያ የሚመጣውን ለሽንት ቤትና ለወለል ይቅዱት እንጂ አይጠጡት። ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ለመጠጥ የሚሆነውን ለብቻ ይያዙ፤ ለሕፃኑ ግን የጠራውንም ማከም ያስፈልጋል። በ2008 ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከተማችን ገብቶ ምን እንዳደረገን አይረሳም።

የሚያፈሉ ከሆነ፣ እኛ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ከከበደ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨምሩና 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የደፈረሰውን ግን አስቀድመው ያስቀምጡት፤ ሲረጋ ከላይ ያለውን በንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት። መድኃኒቱ ድፍርስ ውሃ ላይ ኃይሉ ይደክማል።

ከሰራተኛ ሰፈር፦ ለአምስት ሰው ስንት ጀሪካን ይበቃል?

በአደጋ ጊዜ የሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶች ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላሉ፤ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና ማለት ነው። በሁለቱ ተራ መካከል አራት ቀን ካለ ለአምስት ሰው 300 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15። የመጠጡን ጀሪካን ምልክት አድርጋችሁ ለዩት፤ ክዳኑ ይገጠም፣ በጆግ ሳይሆን አዘንብላችሁ ቅዱ። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበትን ለመጠጥ አትግዙ።

የሚንጠባጠብ ቧንቧም አትናቁ። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር ያፈሳል። ያ ማለት አንድ ጀሪካን ነው፤ የሚጠገነው ደግሞ በአንዲት ጎማ ነው።

ከዚያው ሰፈር፦ የዝናብ ውሃስ?

እንዴታ! 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 50 ሊትር ነው። ደህና አድርጎ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ እስከ አንድ ሺህ ሊትር ሊያዝ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ አፍስሱት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስ፣ ለሽንት ቤትና ለጓሮ ይሁን። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፣ ትንኝ እንዳይራባበት።

ከግቢያችን አንዱ፦ አንድ ቆጣሪ ለብዙ አባወራ ነው። ሒሳቡ ለምን ይህን ያህል ይበዛል?

የውሃ ታሪፍ በእርከን ነው የሚሄደው፤ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ይጨምራል። የተሠራው ቆጥቦ የሚጠቀመውን እንዲጠቅም ነው። ነገር ግን ብዙ ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲሰበሰብ ቆጣሪው አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ያያል፤ ሁላችሁም ወደ ላይኛው እርከን ትገባላችሁ። በቀን ሁለት ጀሪካን የምትቀዳ ባልቴት ሮቶ ያለው ሰው በሚከፍልበት ዋጋ ትከፍላለች። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። መፍትሔው የግል ቆጣሪ እንዲገባ መጠየቅ ነው፤ ማመልከቻውን በጋራ አስገቡ። እስከዚያው ሒሳቡን ለየቤቱ እኩል አታካፍሉ፤ በቤተሰቡ ብዛት ወይም በጀሪካን ይሁን።

ከቅድስት ማርያም አካባቢ፦ የእናቴ ዘመዶች ቦረና ውስጥ ያቤሎ ናቸው። እኛስ እንደ እነሱ ድርቅ ላይ ነን ማለት ይቻላል?

አይቻልም ልጄ፣ ማለትም የለብንም። በቦረና ከ2013 ጥቅምት ጀምሮ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፏል። እዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚዘንበው፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ በመስከረምና በጥቅምት ገደማ። ሁለቱም ሲቀሩ ሣሩ ይጠፋል፣ ከብቱ ያልቃል። አርብቶ አደር ከብቱ ሲያልቅ ወተቱም፣ ገንዘቡም፣ የልጁ ትምህርትም አብሮ ያልቃል። ስንቱ ቤቱን ጥሎ ዱብሉቅን በመሳሰሉ ቦታዎች ተጠለለ። የእኛ ችግር ያስቸግራል፣ ያሳምማል፤ ግን በዚያ ስም አይጠራም።

ከእነሱ የምንማረው ግን አለ። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። የዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አላቸው። ማን መቼ እንደሚያጠጣ ሁሉም ያውቃል፣ ተራውን የጣሰ ይጠየቃል። የእኛ ፈረቃ ግን መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው ሌሊት ነቅቶ የጠበቀው ብቻ ነው። የወረዳችንን ፕሮግራም ጠይቀን በየግቢው በር እንለጥፍ፤ ሲዛባም ቀኑን መዝግበን በጽሑፍ እናቅርብ። ቀንና ሰዓት ያለው አቤቱታ በቀላሉ አይታለፍም።

ከጥቁር አንበሳ ጀርባ፦ ከቦቴ የሚገዛ ውሃ ይጠጣል?

ከየት እንደተቀዳ ጠይቁ። ሹፌሩ ካልነገራችሁ ለመጠጥ አትጠቀሙበት፤ ቢነግራችሁም አክሙት።

ከጸሐፊያችን ከራሷ፦ ጀሪካን ማንሳት ለማይችሉት አረጋውያንስ ምን እናድርግ?

20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ የሰባ ዓመት ሴት ደረጃ ላይ ይዛው እንድትወጣ መተው ነውር ነው። ዕድራችን ለቀብር ተራ ያወጣል፤ ለዚህም ያውጣ። በየግቢው ሁለት ሁለት ወጣት ይመደብ፤ ውሃ በመጣ ሌሊት ከራሳቸው በፊት ለአቅመ ደካሞች ይቅዱ። በባለ 20 ሊትር ፈንታ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ብንገዛላቸው ደግሞ ቤት ውስጥ ራሳቸው ማዘንበል ይችላሉ። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ እስከ እሑድ ስሙን ላንቺ ያስመዝግብ፤ የእኔን ሁለት ልጆች አሁኑኑ ጻፊያቸው።