ኪንታሮት ሁሉ ቢላ አያስፈልገውም

ወንድሜ፣ «ኮምቦልቻ ነኝ፣ ስጸዳዳ ትንሽ ቀይ ደም አየሁ፤ ጀማሪ ኪንታሮት ነው ተባልኩ፣ ልቆረጥ ወይ?» ብለሃል። አይዞህ። እብጠቱ ወደ ውጭ ካልወጣ ወይም ወጥቶ በራሱ ከተመለሰ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻላል።

ዋናው ጠላት ድርቀት ነው። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ፋይበር፣ ማለትም በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለው ሰገራን የሚያለሰልስ ቃጫ፣ ያስፈልግሃል። ምስር፣ ጎመን፣ የገብስ ቆሎ፣ ቤት ያለውን ብላ። እኔን የጠቀመኝ ተልባ ነው። ሁለት ማንኪያ ማታ እዘፈዝፋለሁ፣ ጠዋት ውሃው ወፈር ሲል ከነፍሬው እጠጣለሁ። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ውሃ መጠጣት አለብህ፣ ያለዚያ ይብሳል። ጫት የምትቅም ከሆነ ተወው፣ ያደርቃል። የእኛ አገር በለስም (የቁልቋሉ ፍሬ) ከነዘሩ ሲበዛ ቆልፎ ይይዛል፤ በወቅቱ እጅህን ሰብሰብ አድርግ።

ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርገህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተቀመጥበት፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ሽንት ቤት ስልክ ይዘህ አትግባ፣ አታምጥ።

በዚህ ካልተሻለህ ሐኪም ሥሩን በትንሽ ላስቲክ ያስረዋል። ደም ሲያጣ ደርቆ ብዙ ጊዜ በሳምንት አካባቢ ይወድቃል። አልጋ መያዝ አይጠይቅም።

«በመድኃኒት አቃጥዬ እነቅልሃለሁ» ለሚል ሰው ግን እባክህ ራስህን አትስጥ። ቁስሉና የፊንጢጣው መጥበብ ከበሽታው ይከፋል። ያየህ ሐኪም ካልሆነ ደግሞ ሄደህ ታይ፤ የአንጀት ካንሰርም ይደማል። ሰገራህ ከጠቆረ፣ ከከሳህ ወይም ደሙ ከበዛ ቀን አትቁጠር።