የሙያ ምክር፦ ከተሞችን ለከባድ ሙቀት የማዘጋጀት ሥራ ከየት ይጀመራል?

የድሬዳዋ ጠያቂያችን በአካባቢ ጤና በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቃ በጤና ጽሕፈት ቤት ሦስት ዓመት ሠርታለች። ከተሞችና ክልሎች ለከባድ ሙቀት እንዲዘጋጁ በሚያግዝ ሥራ ላይ መሰማራት ትፈልጋለች። የጠየቀችን ሦስት ነገር ነው፦ እንዲህ ያለ ሥራ በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኛል፣ ማስተርስ መቅደም አለበት ወይ፣ የአየር ንብረት ሳይንስ አለመማሯስ ይጎዳታል ወይ።

እህታችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ እንነሳ። አይጎዳሽም። ሙቀቱን መተንበይ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ሥራ ነው። ክፍተቱ ያለው ትንበያው ቢሮ ከደረሰ በኋላ ነው። «ከነገ ጀምሮ ለሦስት ቀን ሙቀቱ ይበረታል» የሚል መልእክት ሲመጣ ማን ለማን ይደውላል? የትኛው ጤና ጣቢያ ምን ያዘጋጃል? የቀን ሠራተኛው የሥራ ሰዓት እንዲቀየር ደብዳቤውን የሚፈርመው ማን ነው? ወጪውስ ከየትኛው የበጀት ርዕስ ይወጣል? ይህ አስቀድሞ በወረቀት ካልሰፈረ ትንበያው ከወሬ አያልፍም። ወረዳና ቀበሌ እንዴት እንደሚሠራ፣ ደብዳቤ በማን በኩል እንደሚያልፍ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይህን ደግሞ ማንም ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም።

የሕንዷ አሕመዳባድ ጥሩ ማሳያ ናት። በሜይ 2010 እ.ኤ.አ. ሙቀቱ 46.8 ዲግሪ ደርሶ፣ በዚያ ወር ከተለመደው በላይ 1,344 ሰው ሞተባት። በ2013 ያወጣችው ዕቅድ ውድ መሣሪያ አልነበረውም። በማዘጋጃ ቤቱ አንድ ተጠሪ ሰው ተመደበ፤ ለቢጫ፣ ለብርቱካናማና ለቀይ ደረጃ የዲግሪ ቁጥር ተቆረጠ፤ በየደረጃው እያንዳንዱ መምሪያ የሚሠራው ተዘረዘረ። በአንድ ሆስፒታል የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከጣሪያው ሥር ካለው የመጨረሻ ፎቅ ወደ ታች ወረደ፤ በሙቀት ታመው የሚገቡ ጨቅላዎች ቁጥርም ቀነሰ። ክፍል ማዛወር የአስተዳደር ውሳኔ እንጂ የምርምር ውጤት አይደለም። የምትገቢበት ሥራ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው።

ቁጥራቸውን ግን እንዳትገለብጪ። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የአሕመዳባድ ቀይ ደረጃ 45 ዲግሪ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ይህ ቁጥር ቢቀመጥ ማስጠንቀቂያው ጭራሽ አይወጣም። ፓሪስ ደግሞ የሦስት ቀን አማካይን ታያለች፦ ቀኑ 31፣ ሌሊቱ 21 ዲግሪ ከሆነ ትነቃለች። ይህ ለድሬዳዋ የተለመደ የአዘቦት ቀን ነው። ሰው የሚጎዳው አካሉና ቤቱ ከለመዱት በላይ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከራስሽ ከተማ መዝገብ መውጣት አለበት።

ይህን ራስሽ ሠርተሽ ብታሳዪ ከየትኛውም ሰርተፍኬት በላይ ይናገርልሻል። አካሄዱ እንዲህ ነው። ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ዓመት የዕለት ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት በመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ ጠይቂ። የሞቃቱን ወራት፣ ከሚያዝያ 23 እስከ ሐምሌ 24 ያለውን ለይተሽ አውጪ፤ በየዓመቱ 92 ቀን፣ በጠቅላላው 920 ቀን ይሆናል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሪና 95 በመቶው ላይ ያለውን ቁጥር ያዢ። ከዚያ በላይ የሚቀሩት 46 ቀናት ገደማ ናቸው፤ በዓመት አራት ወይም አምስት ቀን ማለት ነው። ለቀይ ደረጃ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው። በአንድ ወቅት አርባ ቀን የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ካወጣሽ በሁለተኛው ሳምንት ሰሚ አታገኚም። የሌሊቱንም ሙቀት አብረሽ እዪ፤ ሌሊት ያላረፈ አካል በማግስቱ ቶሎ ይወድቃል። አንድ የሞቀ ቀን ብቻውን ብዙም አይጎዳም፣ ተከታታይ ሁለትና ሦስት ቀን ነው የሚገድለው።

ቀጥሎ ያንን ቁጥር ከጉዳት ጋር ማገናኘት ነው። የጤና ጣቢያ መዝገብ ብቻውን አይበቃሽም፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው፣ ሙቀትም እንደ ሞት ምክንያት አይጻፍም። አዲስ አበባ ላይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመካነ መቃብሩ የሚመዘገበው ቀብር ለጥናት አገልግሏል። በእናንተም ከተማ የዕድርና የአፎሻ መዝገብ ያዦች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ የቀብር መዝገቦች አሉ። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አነጋግሪ፤ ስም አትቅጂ፤ ቀን፣ ዕድሜና ጾታ ብቻ ይበቃሽ። አንድ ስሕተት እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ያበላሻል። የዕድር መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የሙቀቱ ፋይል በፈረንጆቹ። ግንቦት 20 ማለት ሜይ 28 ነው፤ ቀኑን ሳይለውጥ የሚያጣምር ሰው የስምንት ቀን መዛነፍ ውስጥ ገብቶ «ሙቀት ከሞት ጋር ግንኙነት የለውም» ብሎ ይደመድማል። የሙቀት ጉዳት የሚታየው በዚያው ቀንና በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ስለሆነ ስምንት ቀን ሁሉን ነገር ያጠፋል።

የክሊኒክ መዝገብ ላይም የተደበቀ ነገር አለ። በቆላ ከተማ ትኩሳት ያለበትና የሚቃዥ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። የሙቀት ምት ግን እንዲሁ ነው የሚመስለው፦ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ፣ አእምሮው የተዛባ። የወባው ምርመራ ይሠራ፤ ማቀዝቀዙ ግን ውጤት አይጠብቅም። በሽተኛው ባለበት ቦታ በቀዝቃዛ ውኃ ይነከር ወይም ሙሉ አካሉ እየራሰ ይራገብ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ፓራሲታሞል ለሙቀት ምት አይሠራም። የብብት ቴርሞሜትርም ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ በእሱ ብቻ «ደኅና ነው» ማለት አይገባም። ለጤና ባለሙያዎች የግማሽ ቀን ሥልጠና ብታዘጋጂ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይህ ይሁን።

ካርታ መሥራት ከፈለግሽ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ የላንድሳት ሳተላይት ምስልም እንዲሁ። ግን ሳተላይቱ የሚለካው የቆርቆሮውንና የአስፋልቱን ገጽ እንጂ ሰው የሚተነፍሰውን አየር አይደለም፤ የሚያልፈውም በየ16 ቀኑ፣ ረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። «ገንደ እገሌ 50 ዲግሪ ነው» ብለሽ ለከንቲባው ብታቀርቢ፣ አንድ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርሰዋል። ካርታው የትኛው ሰፈር ከየትኛው ይበልጥ እንደሚሞቅ ያሳይሽ፣ እውነተኛውን ሙቀት ግን ክፍል ውስጥ ገብተሽ ለኪ። ቴርሞሜትሩን ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጊው፤ ከግድግዳ፣ ከመስኮትና ከፍሪጅ አርቂው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት አንብቢ። የወሊድ ክፍሉንና የመድኃኒት መጋዘኑን አስቀድሚ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ብዙ መድኃኒት ደግሞ ከ30 ዲግሪ መብለጥ የለበትም ይላል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውና መጋዘኑ ውስጥ ያነበብሽው ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጡ የኃላፊዎችን ትኩረት ይስባሉ።

ሰው ሁሉ የሚያቀርበው ምክር በአንቺ ከተማ ሊጎዳ እንደሚችልም አስቢ። «ውኃ አጠራቅሙ» የሚለውን እንውሰድ። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የዴንጊ ወረርሽኝ፣ በ2022 ደግሞ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ በተባለችው ትንኝ የተባባሰ የወባ ወረርሽኝ አይታለች። የሁለቱንም በሽታ አስተላላፊ ትንኞች የሚያራባው በየቤቱ የተጠራቀመ ክዳን የሌለው በርሜልና ታንከር ነው። ስለዚህ መልእክቱ «ክዳን ባለው ዕቃ» ብሎ መጀመር አለበት፣ ደጅ ለሚተኛው ደግሞ አጎበር ይታከልበት። ጣሪያ ነጭ መቀባት ሌላው ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ኖራ በአዲስ ቆርቆሮ ላይ ቢቀባ ቶሎ ተቀርፎ በዝናብ ይታጠባል፤ ለቆርቆሮ የውጭ ቀለም ይሻላል፣ ቆርቆሮው መጀመሪያ ከአቧራና ከዝገት ይጽዳ። ቬንቲሌተር (የአየር ማራገቢያ) የሚከፋፈል ከሆነ፣ የክፍሉ ሙቀት 40 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ አየሩ ሰውን ይበልጥ እንደሚያሞቅ ተጽፎ ይሰጥ። ስለ ጫትም ዝም አይባል፤ የአካልን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ የሚቃመውም ቀኑ በሚግልበት ሰዓት ነው። ጉዳዩን ሳያንቋሽሹ፣ ውኃና ጥላ ከጎኑ እንዲኖር አድርጎ መናገር ይቻላል።

አሁን ወደ በጀት እንምጣ፤ የብዙ ዕቅድ መቃብሩ ይህ ነውና። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የድሬዳዋና የአፋር ሙቀት የሚበረታው ግንቦትና ሰኔ፣ ማለትም ካዝናው በተሟጠጠበትና ግዥ በሚዘጋበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ቴርሞሜትር፣ ቀለምና አጎበር በጥርና በየካቲት ተገዝተው ማለቅ አለባቸው፤ ለዚያ ደግሞ ካለፈው ዓመት ዕቅድ ውስጥ መስመር ሊኖራቸው ይገባል። ጋምቤላ ሙቀቱ የሚጠናው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ስለሆነ ቀኑ ሌላ ነው። ወደ ቃለ መጠይቅ ስትገቢ ይህን የጊዜ ሰሌዳ በአንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ።

የት ትቀጠሪያለሽ ላልሽው፣ «የሙቀት ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ፤ ያንን መጠሪያ ይዞ የሚወጣ የሥራ መደብ ብዙም የለም። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን በ2021 እ.ኤ.አ. የሙቀት ጉዳይ ኃላፊ ሾማለች፤ እኛ ዘንድ ግን ሥራው በሌላ ስም ነው ያለው። በጤና ቢሮ የሕብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር፣ በአደጋ ስጋት አመራር የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል፣ በቀይ መስቀል የዝግጁነት ሥራ ላይ ፈልጊ። ለአንቺ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው፤ እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ዝውውር ይበቃል። የፕሮጀክት ሥራ ደመወዙ ይበልጣል፣ ግን ኮንትራቱ ሲያልቅ ዕቅዱም አብሮ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። የመንግሥት መደብሽን ሳትለቂ ፎካል ፐርሰን (የሙቀት ጉዳይ ተጠሪ) ሆነሽ ብትጀምሪ ይመረጣል ብለን እናምናለን። ለዚህም ኃላፊሽ የምደባ ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፤ በቃል የተሰጠ ኃላፊነት የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ አይወጣም።

ማስተርሱን አሁን አትጀምሪ። አንድ የሙቀት ወቅት ሙሉውን ሥሪ፣ ከዚያ አመልክቺ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት) ማስተርስ ለአንቺ የሚስማማ ይመስለናል፤ ሁለት ዓመት ነው፣ አብዛኛው ጊዜ መስክ ላይ መረጃ በመሰብሰብና በመተንተን ያልፋል። የአየር ንብረት ሳይንስ ማስተርስ ከመረጥሽ ግን ሞዴል መሥራት ላይ ያተኩራል፣ ያም ከወረዳው ሥራ ያርቅሻል።

ለማመልከቻሽ ሦስት ነገር አዘጋጂ፦ የ920ውን ቀን ስሌት የያዘ ኤክሴል፣ የአንድ ጤና ጣቢያ የሁለት ሳምንት የክፍል ሙቀት መዝገብ፣ እና ከሁለት ገጽ ያልበለጠ የድርጊት ዕቅድ። ዕቅዱ ላይ በየደረጃው የተጠሪው የሥራ መደብና የቢሮ ስልክ ይጻፍ፣ የግለሰብ ስም ግን አይግባበት፤ ሰው ሲዛወር ወረቀቱ ይሞታል። ከሥራው ጋር የሚዛመድ ቃለ መጠይቅ ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ማስጠንቀቂያ አውጥተሽ ሙቀቱ ሳይመጣ ቢቀርስ?» መልሱን አሁኑኑ አስቢበት። በቢጫ ደረጃ የሚሠራው ሁሉ፣ ሙቀቱ ቢቀርም የማይባክን መሆን አለበት፤ ታንከር መሙላት፣ የሕይወት አድን ክምችት መቁጠር፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል አንድ ጉብኝት ማድረግ። ገንዘብ የሚያስወጣውንና ሥራ የሚያስቆመውን ለቀይ አቆዪው።