የልጆች መብት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በሕፃናት ጉዳይ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው የልደት ምዝገባ ላይ ስለሚያርፉ እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ጥ፦ ለመሆኑ የሕፃናት መብት የት ነው የተጻፈው?

መ፦ ዋናው እ.ኤ.አ. በ1989 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ነው። 54 አንቀጾች አሉት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። አሜሪካ ፈርማለች፣ ግን አላጸደቀችም። በእኛ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 36ን አንብቡ።

ጥ፦ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የልደት ሰርተፊኬት የላትም። ያን ያህል ያስፈልጋታል?

መ፦ በጣም እንጂ እህቴ! እኛ ጋ የሚመጣውን ልንገርሽ። አንዲት ልጅ ልትዳር ነው ተብሎ አቤቱታ ይቀርባል። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ የለም ይላል። አባት «ሞልቷታል» ይላል። መምህሯ «ኧረ ገና 14 ናት» ትላለች። ወረቀት የለም። ስለዚህ ሐኪም የእጇን አጥንት በራጅ አይቶ ዕድሜዋን ይገምታል። ግምት ደግሞ ግምት ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት ይችላል። ሕጉ እያለ ልጅቷ በዚያ ስህተት ልትዳር ትችላለች። አዋጁ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ቀኑ አልፏል ብለሽ ግን አትተዪው። ዘግይቶም ይመዘገባል። ነገ ዛሬ ሳትዪ ወረዳ ሂጂ።

ጥ፦ ቤይሩት ነው የምሠራው። የልጄ አባት ጥሎን ሄዷል። ልጄ የማን አገር ዜጋ ነው?

መ፦ አይዞሽ፣ ኢትዮጵያዊ ነው። በዜግነት አዋጃችን ከእናትና ከአባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ በቂ ነው። ሊባኖስ ግን ዜግነት የምትሰጠው በአባት በኩል ስለሆነ የእሱን ወረቀት አትጠብቂ። ሆስፒታል የሰጠሽን የልደት ማስረጃ ለአሠሪም ቢሆን አትስጪ፤ ይዘሽው ቆንስላችን ሂጂ።

ጥ፦ የ12 ዓመት የዘመድ ልጅ ከገጠር አምጥተን ሥራ ታግዘናለች። እናበላታለን፣ እናለብሳታለን። ይህም ጥሰት ነው?

መ፦ ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች? የእርስዎ ልጆች ቦርሳ አንግተው ሲወጡ እሷ ሳህን ስታጥብ የምትቀር ከሆነ፣ አዎ፣ ጥሰት ነው። ዝምድና ይህን አይለውጠውም። ትምህርት ቤት ያስመዝግቧት።

ጥ፦ መምህር ልጅ ቢመታስ?

መ፦ ክልክል ነው፤ ያው አንቀጽ 36 ነው። ቤት ውስጥ ግን ሕጋችን ለወላጅ አሁንም በር ትቷል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ቤት ውስጥም ከልክላለች። እኛም መከልከል አለብን ባይ ነኝ።